ከበላዔ ሰብ ሥዕል ፊት ራስን መመርመር

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ፍካሬ ልቡናን (ሳይኮአናሊስስን) ስንጠቀም አብዛኛውን ጊዜ የምንመረምረው ገጸ ባሕርይውን ወይም ደራሲውን ነው። አንባቢው፣ ማለትም እኛው ራሳችን፣ ከምርመራው ውጭ እንቀራለን። ይህ ጽሑፍ አንባቢ ራሱን ሊመረምር የሚችልበትን አንድ መንገድ በዘጌ ከሚገኝ ሥዕል ተነሥቶ ለማሳየት ይሞክራል።

አስቀድሞ አንድ ችግር መነሣት ይኖርበታል። ሲግመንድ ፍሮይድ አባቱ በ1896 (እ.ኤ.አ.) ከሞተ በኋላ ራሱን ወደ መመርመር ገባ። ይሁን እንጂ በ1897 ለወዳጁ ለቪልሄልም ፍሊስ በጻፈው ደብዳቤ፣ እውነተኛ ራስን መመርመር እንደማይቻል፣ ራሱንም ሊመረምር የቻለው እንደ ባዕድ ሰው ሆኖ ከውጭ ባገኘው ዕውቀት ብቻ እንደሆነ ገልጿል። ደባቂውም ፈላጊውም አንድ አእምሮ ነውና። ስለዚህ እንደፈለግን የማንለውጠው፣ ከእኛ ውጭ የቆመ ነገር ያስፈልገናል።

ፍሮይድ በራሱ ላይ ካደረጋቸው ምርመራዎች አንዱ በአጋጣሚ የግድግዳ ሥዕልን የሚመለከት ነው። በጉዞ ላይ ሳለ በጣሊያን አገር በኦርቪዬቶ ካቴድራል ስለሚገኘው የኅልፈተ ዓለም ሥዕል ለመንገድ ባልንጀራው ሲያወራ የሠዓሊው ስም ይጠፋበታል። ሲኞሬሊ ሊል ፈልጎ ቦቲቼሊና ቦልትራፊዮ የሚሉት ስሞች ይመጡበታል። በ1898 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳብራራው፣ ከዚያ ቀደም ትራፎይ በተባለች ቦታ ሳለ አንድ ታካሚው ራሱን መግደሉን ሰምቶ ነበር፤ ያን ላለማሰብ ያደረገው እመቃ የሠዓሊውንም ስም ይዞበት ሄደ። ትክክለኛው ስም የታወቀ ባይሆን ኖሮ ግን ስሕተቱም ባልታወቀ ነበር።

ወደ ዘጌ ልመለስ። በኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ላይ ከተሣሉት ታሪኮች አንዱ የበላዔ ሰብ ነው። ቤተሰቦቹን ጨምሮ 78 ሰው የበላው ይህ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ይሰጣል፤ ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብም በዚያች ውኃ ይድናል። ለተማሪዎቼ የምሰጠው ልምምድ እንዲህ ያለውን የታወቀ ታሪክ በቃል ጽፎ ከምንጩ ጋር ማስተያየት፣ ከዚያም በጎደለው ስፍራ ላይ ወደ ልብ የመጣውን ሁሉ፣ ነውር ወይም ተራ ነገር ቢመስልም፣ ሳይመርጡ ማስፈር ነው።

እኔም ሞከርኩት። በወረቀቴ ላይ ለምጻሙ ይለምናል፤ በላዔ ሰብ ይሰጠዋል። በታሪኩ ግን በእግዚአብሔር ስም ሲለምነው እንኳ ከልክሎታል። ክልከላውን ዘልዬዋለሁ።

በዚህ ስፍራ የመጡልኝ አባቴ ናቸው። የካቲት 16ን ዘጌ ለማክበር እንድወስዳቸው ይጠይቁኝ ነበር። አንዱን ዓመት የፈተና እርማት፣ ሌላውን ዓመት ስብሰባ አለብኝ ብዬ አስቀረኋቸው። በሦስተኛው ስንሄድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ሥዕሉን እኔ ተረኩላቸው። በላዔ ሰብ ጋ ስደርስ፣ ‹‹አንድ ጊዜ ነው እንዴ የለመነው፣ ልጄ?›› አሉኝ። የሽማግሌ ጥንቃቄ መስሎኝ አለፍኩት። እስከ ቅርብ ጊዜም ለሰው የምናገረው ‹‹ዘጌ ውሰደኝ አሉኝ፤ ወሰድኳቸው›› እያልኩ ነበር።

እርግጥ ግድፈት ሁሉ ምስጢር የለውም። የጥንት ጽሑፎች ተመራማሪው ጣሊያናዊ ሴባስቲያኖ ቲምፓናሮ በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፍሮይድ የተረጎማቸው ብዙዎቹ ስሕተቶች በብራና ገልባጮች ዘንድ የሚታወቁ ተራ ስሕተቶች ናቸው ሲል ተከራክሯል። የግእዝ ድርሳናትን ያነጻጸረ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። የእኔም ግድፈት ለአባቴ ስተርክና ከዓመታት በኋላ ስጽፍ በዚያው ስፍራ ባይደገም ኖሮ እንደ ገልባጭ ስሕተት በተውኩት ነበር።

ከኑዛዜም የሚለየው በዚህ ይመስለኛል፤ ለንስሐ አባት የምንናገረው የምናውቀውን ኃጢአት ነው፤ እዚህ የምንፈልገው ሳናውቅ የደበቅነውን ነው። ጸጸት ራሱ መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ራሴን ያመሳሰልኩት በመጨረሻ ምሕረት ከሚያገኘው ሰው ጋር መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። በየዓመቱ ያንኑ ሲጠይቁኝ በአባቴ ላይ ይሰማኝ የነበረው ንዴት ግን በወረቀቴ የትም የለም። ሁለተኛውን ወረቀት ከለምጻሙ ወገን ሆኜ ጀምሬዋለሁ፤ ገና አልጨረስኩትም።