ከሰልፉ የወጡት ብቻ

የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በየወሩ የካንሰር ሕክምና አሃዝ ያወጣል። እ.ኤ.አ. የጃንዋሪ 2023ቱን ሳነብ 54.4 በመቶ የሚል ቁጥር ዓይኔን ያዘው። የቤተሰብ ሐኪም በአስቸኳይ ከላካቸው የካንሰር ሕሙማን በ62 ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሕክምናቸውን ያገኙት ይህን ያህል ብቻ ናቸው ማለት ነው። ግቡ 85 ነው። እስከዚያ ድረስ ቁጥሩ እንደዚያ ወር ወርዶ አያውቅም ነበር፤ ሆስፒታሎቹ እየባሰባቸው ነው ብዬ አዘንኩ።

በዚያው ሰሞን ሌላ አሃዝ አገኘሁ። 62 ቀን አልፏቸው ገና የሚጠብቁት ሰዎች በ2022 ከ30 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በማርች 2023 ግን ወደ 20 ሺህ ግድም ወርደዋል። ሰልፉ እያጠረ ውጤቱ እንዴት ያሽቆለቁላል? ውሉ ጠፋኝ።

ስለዚህ ከቆጠራው መነሻ ጀመርኩ። አንዲት ሴት ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ እብጠት ዳሰሰች እንበል። ፈራች፤ ለማንም ሳትናገር ሁለት ሳምንት አሳለፈች፤ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ይህ ሁሉ አይቆጠርም። ቀን መቆጠር የሚጀምረው የሐኪሙ የመላኪያ ደብዳቤ ሆስፒታል ሲደርስ ነው። ከዚያ ምርመራው፣ ናሙናው፣ የሐኪሞቹ ምክክር ይከተላል። ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ዕለት ቆጠራው ያበቃል። በ62ኛው ቀን ከሆነ ሆስፒታሉ ግቡን መታ፤ በ63ኛው ከሆነ ሳተ።

መለኪያው ራሱም ተለዋውጧል። ከ2009 በፊት በሽተኛው ለቀዶ ሕክምና አቅም ካነሰው ሆስፒታሉ ቆጠራውን ለጊዜው ማቆም ይችል ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን ይህ ቀረና 95 የነበረው ግብ 85 ሆነ። ታማሚዋ የምትጠብቀው ቀን ያው ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ሌላ ሆኗል። የሁለቱን ዘመን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር የማይቻለው ለዚህ ነው።

የጥያቄዬ መልስ የተገኘው ግን «ማን ነው የሚቆጠረው?» ስል ነው። በመቶኛው ስሌት በየወሩ የሚቆጠሩት በዚያ ወር የታከሙት ናቸው። ገና የሚጠብቁት አይቆጠሩም። ማታ መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍን ርዝመት ለማወቅ ተሳፍረው የሄዱትን ብቻ «ስንት ደቂቃ ቆማችሁ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ቆሞ የቀረውን ማንም አልጠየቀውም።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በወር 100 ሰው የሚያክም ሆስፒታል 85ቱን በጊዜው ካደረሰ ውጤቱ 85 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ወር ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ሠርቶ፣ ቀናቸው ካለፈባቸው መካከል ተጨማሪ 50 ሰዎችን ቢያክምስ? ከ150 በጊዜው የደረሱት 85 ይሆናሉ፤ 57 በመቶ ግድም። ብዙ ሰው ያከመበት ወር የወደቀበት ወር ሆነ! የባለሙያና የመሣሪያ እጥረት የለም ማለቴ አይደለም፤ አገሪቱ ግቡን መምታት ያቃታት ከዲሴምበር 2015 ወዲህ ነው። የጃንዋሪ 2023ቱ ማሽቆልቆል ግን በከፊል የሥራ ምልክት ነበር፤ ሰልፉን የሚያቃልል ሁሉ መጀመሪያ ቁጥሩን ያበላሻል።

ይህን እንደ ሒሳብ ጨዋታ እንዳላየው የከለከለኝ በ2020 የወጣ ጥናት ነው። መሪዎቹ የካናዳ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንን የያዙ 34 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። ቀዶ ሕክምና በ4 ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት አደጋው ከ6 እስከ 8 በመቶ እንደሚጨምር አገኙ። በ62 ቀን ላይ የተለየ አጥር የለም፤ አደጋው ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ለመለኪያው ግን 63ኛውም ቀን 150ኛውም ቀን እኩል ነው።

ያቺ ሴት በ97ኛው ቀን ቀዶ ሕክምና ብታገኝ በዚያ ወር በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ አንድ ጉድለት ሆና ትጻፋለች። ተራው ሳይደርሳት ወደሚቀጥለው ወር ብትሻገር ኖሮ ግን የቀድሞው ወር ቁጥር አይነካም ነበር።