ቤዙ የት ጠፋ? የሳሎናችን ግድግዳና የሰብዉፈሮች ሳይንስ

በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ኦርፊልድ ላቦራቶሪስ በተሰኘ የድምፅ ምርምር ተቋም ውስጥ፣ ድምፅ ከግድግዳ ተመልሶ የማይሰማበት አንድ ክፍል አለ። ቀድሞ ሳውንድ 80 የተባለው ስመ ጥር የሙዚቃ ስቱዲዮ ይገኝበት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ያለው ይህ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በተደረገ ልኬት ከዜሮ በታች 9.4 ዲሲቤል ተመዝግቦበት በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ የዓለማችን ጸጥተኛ ስፍራ ለመባል በቅቷል። ምስጢሩ ውስጡን የሸፈኑት፣ ውፍረታቸው ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ የፋይበርግላስ ሽብልቆች ናቸው።

በዚሁ ከተማና በጎረቤቱ በሴንት ፖል የሚኖሩ ወገኖቻችን ሳሎን ግን የዚህ ክፍል ተቃራኒ ነው። በዓል ደርሶ ዘመድ ወዳጅ ሲሰባሰብ፣ ማዕዘን ላይ የተቀመጠው እንግዳ «ድምፁ ደረቴን መታኝ» ሲል፣ መሐል ሶፋ ላይ ያለው ደግሞ «ይህ ሙዚቃ ቤዝ የለውም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱም ድምፁን ይጨምራል። በዚህ ጊዜ የመሐሉ እንግዳ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ሲሆን፣ የማዕዘኑ እንግዳ ይቸገራል፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤትም በር ያንኳኳል። የሁሉም ምክንያት አንድ ነው።

ክፍሉ ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ነው

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ባለ አራት ክሩ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል፤ በሳይንሱ አጠራር 41 ኸርዝ ነው። 343ን ለ41 ስናካፍል የዚህ ድምፅ ሞገድ 8.4 ሜትር ገደማ ርዝመት እንዳለው እንረዳለን። ይህ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይረዝማል።

ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 4.2 ሜትር የሆነ ሳሎን እናስብ። ወርዱ የ41 ኸርዙ ሞገድ ትክክለኛ ግማሽ ነው። ስለዚህ ሞገዱ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲመላለስ ራሱን እያጠናከረ «ቋሚ ሞገድ» ይፈጥራል። በግድግዳዎቹ አጠገብ ድምፁ ይገዝፋል፤ በክፍሉ መሐል ደግሞ አንዱ ሌላውን ያጠፋውና ጸጥታ ይነግሣል። በርዝመቱ አቅጣጫም በ28.6 እና በ57.2 ኸርዝ ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። ሰብዉፈሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይህን ሕግ አይሽርም።

የሚኒሶታ ቤቶች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። መሬቱ በክረምት ወደ ታች ጠልቆ ስለሚቀዘቅዝ፣ የግዛቲቱ የሕንፃ ደንብ በመንታዎቹ ከተሞች አካባቢ መሠረት ከ1 ሜትር በላይ እንዲቆፈር ያስገድዳል። ይህን ያህል ከተቆፈረ ዘንድ ጥቂት ጨምሮ ቤዝመንት መሥራት የተለመደ ሆኗል፤ ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑንና የሙዚቃ መሣሪያውን የሚያኖረውም እዚያ ነው። የቤዝመንት ኮንክሪት ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ ሳይቀንስ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። በእንጨት ተዋቅሮ በጂፕሰም ቦርድ የተለበጠ ግድግዳ ግን በመጠኑ ስለሚርገበገብ ጥቂቱን ይውጣል፣ ጥቂቱንም ወደ ውጭ ያሳልፋል። በአዲስ አበባ በብሎኬት የተሠሩ ሳሎኖችም በዚህ ረገድ ለኮንክሪቱ ቤዝመንት ይቀርባሉ።

ስፖንጅ መለጠፍ ለምን አይበቃም?

አንድ መምጠጫ ሽብልቅ በሚገባ እንዲሠራ ውፍረቱ የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል መሆን ይኖርበታል። በዚህ ስሌት 1 ሜትር ውፍረት ያለው ሽብልቅ የሚበቃው እስከ 86 ኸርዝ ገደማ ለሚወርድ ድምፅ ብቻ ነው። 41 ኸርዝን በዚሁ ዘዴ ለመምጠጥ ከ2 ሜትር በላይ ውፍረት ያስፈልጋል። ሳሎኑ በሙሉ ሽብልቅ ሊሆን ነው ማለት ነው! ከገበያ የሚገዛው ስስ ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ቤዙን አይነካውም።

ሁለት፣ አራት፣ ከዚያስ?

እ.ኤ.አ. በ2002 የሐርማን ኩባንያ ተመራማሪ ቶድ ዌልቲ ስንት ሰብዉፈር እንደሚበቃ የሚመረምር ጽሑፍ ለኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። በኮምፒውተር ስሌት ልዩ ልዩ አቀማመጦችን አነጻጽሮ ያገኘው ውጤት አስገራሚ ነበር። ሁለት ሰብዉፈሮች በተቃራኒ ግድግዳዎች መሐል ሲቀመጡ ጥሩ ውጤት ይገኛል። አራት ሆነው በአራቱ ግድግዳዎች መሐል ሲቀመጡ ውጤቱ ይበልጥ ያማረ ይሆናል። ከአራት በላይ መጨመር ግን የሚያስገኘው ጥቅም እምብዛም ነው።

ምክንያቱን በምሳሌያችን ሳሎን እንየው። ከፊትና ከኋላ ባሉት ግድግዳዎች መሐል ሁለት ሰብዉፈሮችን እናስቀምጥ። ሁለቱም ከወርዱ አንጻር መሐል ላይ፣ ማለትም 41 ኸርዙ ጸጥ በሚልበት ቦታ ስለሚገኙ፣ ያን ቋሚ ሞገድ ሊቀሰቅሱት አይችሉም። በ28.6 ኸርዝ ደግሞ የክፍሉ ሁለት ጫፎች ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ አየሩን ሲያጨናንቅ ሌላኛው ጫፍ ይሳሳል። ሁለቱ ሰብዉፈሮች ግን እኩል ስለሚገፉ የአንዱ ሥራ የሌላውን ያፈርሳል፤ ይህም ሞገድ ይከስማል።

የሚቀረው 57.2 ኸርዝ ነው። በዚህ ድግግሞሽ የፊቱና የኋላው ግድግዳ በአንድነት ሲጨናነቁ የክፍሉ መሐል ይሳሳል። ስለዚህ በቀኝና በግራ ግድግዳዎች መሐል ሌሎች ሁለት ሰብዉፈሮች ሲጨመሩ የፊቶቹን ሥራ ያካክሳሉ። እውነተኛው ሳሎን በርና መስኮት፣ ምሰሶና ቁም ሣጥን ስላለው ማካካሱ እንደ ስሌቱ ፍጹም አይሆንም። ሆኖም በመቀመጫዎች መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ይጠባል። የብዙ ሰብዉፈሮች ዋና ዓላማ ድምፁን ማጉላት ሳይሆን ለተቀማጩ ሁሉ በእኩል ማዳረስ ነው።

በቤትዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያለዎትን ሰብዉፈር በመደበኛ መቀመጫዎ ቦታ ላይ ያኑሩት። ከዚያም የቤዝ መስመሩ የማያቋርጥ ሙዚቃ ከፍተው በግድግዳዎቹ ዙሪያ ጎንበስ ብለው ያዳምጡ። ቤዙ ሳይገዝፍም ሳይጠፋም የሚሰማበትን ቦታ ሲያገኙ ሰብዉፈሩን እዚያ ያዛውሩት። በድምጽ ሕግ መሠረት ምንጩና አድማጩ ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አይለወጥም፤ ዘዴው የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ ሰብዉፈር ከገዙ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። በተቃራኒ ግድግዳዎች መሐል ያስቀምጧቸው፤ በር ከከለከለዎት ማዕዘኖችን ይሞክሩ። ሥራውን ከዋናዎቹ ስፒከሮች የሚረከቡበትን ወሰን በ80 ኸርዝ አካባቢ መጀመር የተለመደ ነው። የድምጽ መጠናቸውንም እኩል ያድርጉ።

ማስተካከያውን፣ ማለትም ኢኳላይዘሩን፣ መጨረሻ ላይ ይንኩ። የገዘፈውን ድምጽ ለመቀነስ ይረዳል፤ የጠፋውን ግን አይመልስም። ሞገዶች በሚጣፉበት ቦታ ኃይል ሲጨመር አጥፊውም አብሮ ይጨምራልና።

በመጨረሻም ጎረቤትን የሚመለከት ማሳሰቢያ አለን። ሰብዉፈር መጨመር ቤዙ ግድግዳ እንዳያልፍ አያደርግም። የሚያስገኘው ጥቅም፣ ቤዙ ለሁሉም መቀመጫ በእኩል ሲደርስ፣ መሐል ሶፋ ላይ ላለው እንግዳ ሲባል ድምጹን የመጨመር አስፈላጊነት መቅረቱ ነው።