«ዲሽ»፣ «ዲኤስቲቪ» እና «ኪንጋሙዚ»፦ የክፍያ ቴሌቪዥን ስያሜ በአማርኛና በስዋሂሊ

ይህ አጭር ጽሑፍ የክፍያ ቴሌቪዥን በአማርኛ የሚጠራባቸውን ቃላት ናይሮቢ ውስጥ ከሚነገረው ስዋሂሊ ጋር ያነጻጽራል። ጥያቄው ተግባራዊ ነው። በሳውዝ ሲ ቤት የሚከራይ አማርኛ ተናጋሪ «ኪንጋሙዚ አለ» ቢባል፣ የተነገረው በየወሩ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው ወይስ ዕቃ ብቻ?

በአማርኛ «ዲሽ» በቀዳሚ ፍቺው ጣሪያ ላይ የሚተከለው የሳተላይት ሳህን ነው፤ ሰፋ ሲል በሳህኑ የሚገቡትን ጣቢያዎች ያጠቃልላል። እንደ ኢቢኤስና ቃና ያሉ ጣቢያዎች በነጻ ስለሚታዩ፣ «ዲሽ አስገባሁ» ያለ ሰው ወርኃዊ ክፍያ ጀመርኩ ማለቱ አይደለም።

ክፍያን የሚያመለክተው «ዲኤስቲቪ» ነው። ቃሉ በ1995 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ አገልግሎት መጠሪያ ሲሆን፣ ፊደላቱ «ዲጂታል ሳተላይት ቴሌቪዥን» የሚለውን ሐረግ ይወክላሉ፤ ሐረጉም ክፍያን አያነሣም። የክፍያ ፍቺውን ያገኘው ከአጠቃቀም ነው። በኢትዮጵያ የአገልግሎቱ ጥቅሎች «ጎጆ»፣ «ቤተሰብ»፣ «ሜዳ» እየተባሉ ቢሰየሙም፣ ዘርፉ ራሱ በዕለት ንግግር አማርኛ ስም አላገኘም። በአዲስ አበባ ደግሞ የአገልግሎቱ ስም የቦታ ስም ሆኗል፤ «ጨዋታውን ዲኤስቲቪ ገብቼ አየሁ» የሚል ሰው የመግቢያ ከፍሎ እግር ኳስ የሚታይበትን ቤት ማለቱ ነው። ዲኤስቲቪ ያለው በየወሩ ይከፍላል፤ ዲኤስቲቪ የሚገባው በየጨዋታው።

«ኪንጋሙዚ» የተገኘው «አስተዋለ፣ ደረሰበት» የሚል ፍቺ ካለው «ንጋሙዋ» ከተባለ ግሥ ነው፤ «ኪ» የሚለው ቅድመ ግንድ የመሣሪያ ስም ያደርገዋል። ስለዚህ የተሰወረውን ምልክት የሚፈታ መሣሪያ ማለት ነው። ኬንያ በ2015 እ.ኤ.አ. የአናሎግ ስርጭትን ስታቋርጥ፣ አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው የነጻ ጣቢያዎች ተመልካችም ይህ መሣሪያ አስፈልጎታል። በመሆኑም ቃሉ ብቻውን ክፍያን አያረጋግጥም፤ ክፍያውን የሚናገረው «ኩሊፒያ» ማለትም «ለአንድ ነገር መክፈል» የሚለው ግሥ ነው።

የ«ኪንጋሙዚ» ትክክለኛ የአማርኛ አቻ «ሪሲቨር» እንጂ «ዲሽ» አይደለም። «ዲሺ» በስዋሂሊም የሳተላይት ሳህን ቢሆንም፣ በናይሮቢ ወጣቶች ሼንግ ምግብ ማለት ነው፤ ስለ ጣቢያ የጠየቀ እንግዳ ስለ ምሳ ሊመለስለት ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው ነጥብ፣ በሁለቱም ቋንቋዎች ስሙ ዕቃውን ወይም አቅራቢውን ሲጠራ፣ ክፍያው በግሥና በልማድ መገለጡ ነው። ስለዚህ የኪራይ ውል የሚተረጉም ሰው ዕቃውን «ሪሲቨር»፣ አገልግሎቱን «የክፍያ ቴሌቪዥን» ብሎ ለይቶ ይጻፍ፤ ወርኃዊውን ክፍያ አከራዩ ይክፈል ወይስ ተከራዩ፣ ይህንም በግሥ ይግለጽ።