ስለ ኑዛዜ ጊዜና ስለ ነርስ ኃላፊነት

አዲስ ዓለም፥ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት አስበው የቈረቈሯት ከተማ፥ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት በሚወስደው ጐዳና ላይ ትገኛለች፡፡ በዚህ ጐዳና ከምዕራብ ሸዋ ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ቤቶች የሚሄደው ሕመምተኛ ብዙ ነው፡፡ ከሚመለሱትም መካከል ሕክምና ሊያድናቸው እንደማይችል ታውቆ ወደ ቤታቸው የሚሰደዱ አሉ፡፡ ይህም ነገር አዘውትሮ የሚነገረው ለልጅ ወይም ለወንድም ነው እንጂ ለራሱ ለሕመምተኛው አይደለም፡፡

ቤተ ዘመድ ነገሩን የሚሰውረው ከክፋት አይደለም፡፡ በአገራችን ልማድ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም፤ መርዶ እንኳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎሕ ሲቀድ የሚያረዱት፥ ሰው ብቻውን ሳለ ኀዘን እንዳይወድቅበት ነው፡፡ ስለዚህ ልጅ ነርሷን «እባክሽ ሲስተር፥ ለእናቴ እንዳትነግሪያት፤ ከሰማች በድንጋጤ ትሞታለች» ብሎ ይለምናል፡፡ ሌሊት አስታማሚውን እንቅልፍ ሲወስደው ግን እናቲቱ ራሷ «ልጄ፥ እውነቱን ንገሪኝ፤ እድናለሁ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች፡፡ መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ በትምህርት ይለመዳል፤ የነርስነት ፈተናው ከዚህ ጥያቄ ላይ ነው፡፡

ነገሩን ከሥሩ ለመረመረው፥ ይህ የመሰወር ልማድ ከሌላው ጥንታዊ ልማዳችን ጋራ ይጣላል፡፡ አባቶቻችን አብዝተው ይፈሩት የነበረው ድንገተኛ ሞትን ነው፤ ይኸውም የንስሐ አባት ሳይጠራ፥ የተጣላ ሳይታረቅ፥ ኑዛዜ ሳይነገር የሚመጣውን ነው፡፡ ሕጉም ቢሆን ጊዜ ይጠይቃል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በቃል ሊናዘዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ ሥርዓት፥ ስለ ልጆቹ ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፡፡ ስለ ቤቱ የሚናዘዝ ሰው በጽሑፍ ማድረግ አለበት፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜም በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ ይገባዋል፡፡ ሞቱ የተሰወረበት ሰው ይህን ሁሉ መቼ ይፈጽመዋል? እስትንፋሱ ሲያጥር ምስክር ቢጠራ ምን ይጠቅማል?

እንዲህ ሲባል ነርሷ እንደ ገባች ሞትን ታውጅ ማለት አይደለም፡፡ የበሽታውን ነገር ገልጦ መናገር የሐኪሙ ድርሻ ነው፡፡ የእርሷ ድርሻ አለመዋሸት፥ ጥያቄውን ለሐኪሙ ማድረስ፥ አስቀድሞም ሕመምተኛው ምን ያህል ለማወቅ እንደሚፈልግ መረዳት ነው፡፡ «እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» ብላ ብትጠይቅ፥ ብዙ ጊዜ ሁሉን ዐውቆ ልጆቹ እንዳያዝኑ ዝም ያለ ሆኖ ታገኘዋለች፡፡ (አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይለያያሉ፡፡) አልሰማም የሚልም አለ፤ እርሱም መብቱ ነው፡፡ በአዲስ ዓለም አካባቢ ደግሞ ብዙው ሕዝብ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለ ሆነ ነገሩ በዚያው ቋንቋ ይነገረው፤ የእናት ሞት በልጇ አፍ ሊተረጐም አይገባም፡፡

ስቃይ የያዘው ሰው ግን ለመናዘዝም ለመታረቅም ኃይል የለውም፡፡ አስቀድመው ነርስ፥ ኋላም ሐኪም የሆኑት ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ሲከፍቱ፥ ሞርፊን ስቃዩ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በሰዓቱ እንዲሰጥ አስተማሩ፡፡ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ራሳቸው ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደች፡፡ በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶችን ወደ ሕመምተኞች ቤት ይልካል፡፡ እንዲህ ያለው አገልግሎት በዋናው ከተማ ብቻ ቢወሰን፥ ወደ አዲስ ዓለም የሚመለሰው ሕመምተኛ ማስታገሻውን ከኋላው ትቶ ይመለሳል፡፡

ነርሷ ከቤት ስትደርስ አስታማሚውም ትምህርት ይሻል፡፡ ሕመምተኛው እንጀራ እምቢ ሲል ልጆቹ «ጉረሽልን» እያሉ የሚያስጨንቁት፥ በረኀብ ገደሉት እንዳይባሉ ፈርተው ነው፡፡ ሰውነቱ ምግብ የማይፈልግበት ጊዜ መድረሱንና ጥፋቱ የእነርሱ አለመሆኑን ትነግራቸዋለች፤ ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ማራስን፥ ጐኑ እንዳይቈስል ቀስ አድርጎ ማገላበጥን ታሳያቸዋለች፤ ከዚያም እጁን የሚይዝ አንድ ሰው ከአጠገቡ እንዳይለይ አዝዛ ወደ ሌላው ቤት ትሄዳለች፡፡