የጉልበት ሕመምና የቻይናዎቹ መርፌ



በአሰላና በዙሪያዋ ባሉት ደጋ መንደሮች ከሱጁድ መነሳት ያቃታቸው እናቶችና አባቶች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ «እርጅና ነው» ብለው ዝም ይላሉ፤ ሌሎቹ ዋግምት ይታገማሉ፤ ጉልበታቸውን በምላጭ የሚያስበጡም አሉ። «የቻይናዎቹ መርፌስ ያድን ይሆን?» ለሚሉት ዛሬ የምናውቀውን እንንገራቸው።

አኩፓንክቸር የሚባለው ሕክምና መድኃኒት በሌለው፣ እንደ ጸጉር በቀጠነ መርፌ የተወሰኑ የሰውነት ነጥቦችን መውጋት ነው። ለጉልበት ሕመም በብዛት ከሚወጉት አንዱን ቻይናዎች «ዙ ሳን ሊ» ይሉታል። ጉልበት ታጥፎ ሲቀመጡ ከሎሚው በታች በውጭ በኩል ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ከዚያ የታማሚውን አራት ጣት ያህል ወርዶ፣ ከቅልጥሙ አጥንት ጫፍ አንድ ጣት ወደ ውጭ ሲሉ ይገኛል። ቻይናዎች «ቺ» የሚሉት ኃይል በዚያ ያልፋል ብለው ያምናሉ። ይህን ማመን አይጠበቅብንም፤ ሐኪሞች ነገሩን በነርቭ ሥራ ለማስረዳት ይሞክራሉ።

ሕክምናው ለእኛ ለአርሲዎች ሩቅ አይደለም። የበቆጂዋ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አምጥታለች። በቻይና እርዳታ አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ የተሠራው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በስሟ የተሰየመ ሲሆን፣ የቻይና ሐኪሞች ይህንኑ ሕክምና ሲሰጡበት ቆይተዋል።

ያድናል ወይ? በዚህ ሐኪሞች አልተስማሙም። የአሜሪካ የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ለጉልበት አንጓ መበላት ሊሞከር ይችላል ሲል፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2022 አይሰጥ ብሏል። ሕመም ቢያስታግስ እንኳ የተበላውን አንጓ አይመልስም። ሁለቱም ወገኖች የሚያስቀድሙት የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና፣ ክብደት ለበዛበት ሰው ክብደት መቀነስን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ይህንም አሥር ጊዜ መደጋገም ምንም ወጪ የለውም።

ነጥቡን ቤት ውስጥ በአውራ ጣት አንድ ሁለት ደቂቃ መጫን አይከለከልም። መርፌ ግን የሠለጠነ ሰው፣ ያውም አዲስና ንጹሕ መርፌ ይዞ ካልሆነ አይነካም፤ በጋራ መርፌና ምላጭ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ይተላለፋል። ጉልበቱ በድንገት አብጦ ቢግል፣ ትኩሳትም ቢጨመርበት ደግሞ የዋግምትም የመርፌም ጊዜ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

እስኪሻልስ ሶላት እንዴት ይሁን? ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) በኪንታሮት ሲታመሙ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መቆም ካልቻሉ ተቀምጠው፣ እሱም ካልሆነ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ስለዚህ እናታችን ጥርሷን ነክሳ መሬት ላይ መውደቅ የለባትም። መቆም ከቻለች ቆማ ትቀራለች፤ ለሱጁድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከሩኩዑ ይበልጥ ዝቅ ብላ ትጎነበሳለች።