ወርቃችንን በሰው ቤት እንዴት እናስቀምጥ?



በኩዌት ለፍታ የምትሠራ እኅት ወደ ሙባረኪያ ገበያ ወርዳ ቀለበት ወይም የአንገት ሐብል ስትገዛ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ወርቁ ለክፉ ቀን የሚሸጥ፣ ለእናት መታከሚያ፣ ለወንድም መማሪያ የሚሆን ቁጠባ ነው። ነገር ግን የሚቀመጠው በሰው ቤት ነው። በዚያው ቤት የመዳምም ወርቅ አለ። አንድ ቀን «ዕቃ ጠፋ» ቢባልና ሻንጣችሁ ቢፈተሽ፣ የተገኘው ወርቅ የእናንተ መሆኑን በምን ታስረዳላችሁ? ስለዚህ ወርቅን መያዝ ስንል ሁለት ነገር ነው፦ እንዳይጠፋና እንዳይበላሽ መጠበቅ፣ ከዚያም በላይ የራስ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ።

1. ጥንቃቄው ከግዢው ይጀምራል

ወርቅ በግራም ይሸጣል፤ በላዩም የእጅ ሥራ ዋጋ ይጨመርበታል። መልሳችሁ ስትሸጡ የእጅ ዋጋው አብሮ አይመለስም። ስለዚህ ለቁጠባ የሚገዛ ወርቅ ጌጡ ያልበዛ ቢሆን ይመረጣል። በወርቁ ላይ የተመታውን ቁጥር ተመልከቱ። 999 ባለ 24 ካራት፣ 916 ባለ 22፣ 875 ባለ 21፣ 750 ደግሞ ባለ 18 ነው። 875 ማለት ከ1000 እጅ 875ቱ ንጹሕ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ማዕድን ነው። በብር ጌጥ ላይ የሚታየው 925 ነው።

ደረሰኙን (ፋቱራውን) ሳትቀበሉ ከሱቁ አትውጡ። ስማችሁ፣ ቀኑ፣ ካራቱ፣ ግራሙና ዋጋው ይጻፍበት። የኩዌት ንግድ ሚኒስቴር በ2025 እ.ኤ.አ. ወርቅ በጥሬ ገንዘብ እንዳይሸጥ ስለከለከለ ክፍያው በባንክ በኩል ነው። በሌላ ሰው ካርድ ከከፈላችሁ ደረሰኙ በእናንተ ስም መጻፉን አረጋግጡ።

2. ዝርዝር ይኑራችሁ

በወንጌል የተነገረላት አሥር ድሪም የነበራት ሴት አንዲቱ ስትጠፋባት መብራት አብርታ ቤቷን ጠርጋ ፈለገች። አሥር መሆናቸውን ባትቆጥር ኖሮ አንዲቱ መጉደሏን ባላወቀች ነበር። እናንተም በትንሽ ደብተር ላይ እያንዳንዱን ዕቃ፣ ግራሙን፣ የገዛችሁበትን ቀንና ሱቅ ጻፉ። ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ካለ እርሱንም ጨምሩ። በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡት፤ የቤቱ ዕቃም ሆነ ሰው አብሮ እንዳይታይ ተጠንቀቁ። የደረሰኙንም ፎቶ ጨምራችሁ አገር ቤት ላለ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ስልካችሁ ቢጠፋ ወይም ቢወሰድ ማስረጃው አብሮ አይጠፋም። በፌስቡክ ላይ ግን ወርቃችሁን አታውጡ። በየወሩ ደመወዝ ስትቀበሉ ዝርዝሩን ይዛችሁ ቁጠሩ።

መዳም ወርቅ በስጦታ ከሰጠቻችሁ ምስጋናችሁን በስልክ መልእክት ጻፉላት። እርሷ የምትመልሰው ቃል ስጦታ ለመሆኑ ምስክር ይሆናል። መልእክቱን አታጥፉት።

3. አቀማመጥ

እያንዳንዱን ጌጥ በለስላሳ ጨርቅ ለየብቻ ጠቅልሉ፤ ሐብል ከሐብል ይተበተባል፣ ቀለበትም ሌላውን ይጭራል። ሁሉንም ቁልፍ ባለው ትንሽ ሣጥን አድርጋችሁ በሻንጣችሁ ውስጥ ቆልፉ። በሶፍት አትጠቅልሉ፤ ቆሻሻ ነው ተብሎ ይጣላል። በትራስ ውስጥ፣ በዱቄት ዕቃ ወይም በሚታጠብ ልብስ ኪስ አትደብቁ። ደብቃችሁት ሲገኝ የራሳችሁም ቢሆን የተሰረቀ ይመስላል። ደረሰኙን ከወርቁ ለይታችሁ ከመታወቂያችሁና ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ። በኩዌት የ2015 እ.ኤ.አ. የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 መሠረት አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን መያዝ አይችልም።

ክሎሮክስ የወርቅ ቀለበትን ይጎዳል፤ ከወርቁ ጋር የተቀላቀለውን ማዕድን ይበላዋል። መታጠቢያ ቤት ከማጽዳታችሁ በፊት አውልቁ። የብር መስቀላችሁ ቢጠቁር ዝገት አይደለም፤ ከአየርና ከላብ የሚመጣ ነው። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። ደረቅ በሆነ፣ በሚዘጋ ፌስታል ውስጥ ብታስቀምጡት ቶሎ አይጠቁርም።

4. የሌላ ሰው ወርቅ

«በሰው ወርቅ አይደምቁ» ይላሉ አበው። የመዳምን ጌጥ ለቀልድም ቢሆን በጣታችሁ አታድርጉ፣ አድርጋችሁም ፎቶ አትነሡ። ስታጸዱ ቀለበት ወድቆ ብታገኙ «በኋላ እሰጣታለሁ» ብላችሁ ኪሳችሁ አትክተቱ፤ ወዲያው ጠርታችሁ በእጇ ስጧት። የጓደኛንም ወርቅ በአደራ ተቀብላችሁ በሰው ቤት አታስቀምጡ። ደረሰኙ በእርሷ ስም፣ ወርቁ በእናንተ ሻንጣ ከተገኘ ሁለታችሁም ትቸገራላችሁ። ወደ አገር ቤት በሰው እጅ የምትልኩ ከሆነም ግራሙን ጽፋችሁ በምስክር ፊት አስረክቡ።

5. ክስ ቢነሣ

አትሩጡ፣ አትሳደቡም። ከቤት መጥፋት ጥፋተኛ ያስመስላል። ሻንጣችሁ ሲፈተሽ እናንተ ባላችሁበት ይሁን። ዝርዝሩንና ደረሰኙን አሳዩ። ፖሊስ ከመጣ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ኤምባሲያችን እንዲያውቅም ንገሩ። ያልገባችሁን የዓረብኛ ወረቀት ለመገላገል ብላችሁ አትፈርሙ፤ ያልሠራችሁትን አምናችኋል ማለት ሊሆን ይችላል። የሚመታችሁ ወይም የሚያስፈራራችሁ ካለ የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው በአሠሪዎቻችሁ ላይ ክፉ እንድታስቡ አይደለም። ብዙዎቹ እንደ ልጅ የሚያዩ ናቸው። ሆኖም ደረሰኝ በሰላም ጊዜ ካልተያዘ በጭንቅ ጊዜ አይገኝም። ዛሬ ማታ ሥራ ስትጨርሱ ሣጥናችሁን ክፈቱ፣ ቁጠሩ፣ ጻፉ። ዝርዝር አያያዙ ለሚያስቸግራት እኅት በዕረፍት ቀኗ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አብረናት እንጽፋለን።

የድካማችሁን ፍሬ እግዚአብሔር ይጠብቅላችሁ፤ ለአገራችሁ በሰላም ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።