ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር

ስሜን ደጋ ላይ ቤት የሚሠራው ለሰው ብቻ አይደለም። 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጥጃ ሜዳ አያድርም። ስለዚህ ከብቱ ከሰው ጋር ይገባል፤ ታች ጋጣ፣ ከጋጣው በላይ ቆጥ። የላሞቹ ትንፋሽና ገላ የሚያሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቆጡ ላይ የተኛውን ልጅ ያገኘዋል። እንጨቱ ውጨና፣ ክዳኑ ጓሳ ነው። ኩበቱ ይነዳል፣ ፍጉ ገብስ ማሳ ላይ ይበተናል። ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ቤቱን ሳሞካሸው ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ግጭ እንዲህ ያለ መንደር ነበር። ከእሜት ጎጎ ገደል ወዲህ፣ ጅባራ በቆመበት ሰፊ ሜዳ ላይ አብዛኛው ሙስሊም የሆነ ሕዝብ ገብስ እያረሰ፣ ላምና በግ እያረባ ይኖርበት ነበር። ወተቱ የሴቶች ሥራ ነው። ቅሉ ይታጠናል፣ እርጎው ይናጣል፤ ቅቤው ለገበያ ይቀመጣል፣ አሬራው ለቤት ይቀራል፣ እሱም እሳት ሲነካው አይብና አጓት ይሆናል። «የወተት ሀብት ልማት» የሚለው የቢሮ ቃል ለዚህ ኑሮ አይመጥነውም። ላሟ ወተት ብቻ አይደለችም፤ ማሞቂያም፣ ማገዶም፣ ማዳበሪያም፣ የክፉ ቀን ገንዘብም ናት።

ግጭን ያቀፈው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው ጥቅምት 1962 ዓ.ም. ነው። ግጭ በዚያን ጊዜ ነበረች፤ ድንበሩ ነው መጥቶ ያጠራት። በ1970 ዓ.ም. ስሜን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በደርግ ዘመን ከፓርኩ ሰሜናዊ ግርጌ ብዙ ሰው በግዳጅ ተነሣ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ወደቀ፤ ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያ ቁጥር ማነስ፣ እርሻና ልቅ ግጦሽ ይገኙበታል። ክሱ ሐሰት አልነበረም። የስዊዘርላንዱ የመልክዓ ምድር ሊቅ ሃንስ ሁርኒ የስሜን ተዳፋት አፈር እንዴት እየታጠበ እንደሚሄድ ያጠናው ገና በ1960ዎቹ ነው። ላምና ዋልያ አንድ ጓሳ ሲሻሙ ዋልያ መሸሹ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስብሰባ፣ ጥናት፣ የዩኔስኮ ማሳሰቢያ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. 418 የግጭ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ደባርቅ ከተማ ወረዱ፤ ቤቶቹ ፈረሱ። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ለአገር የምሥራች ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

የተነሺዎቹ ቅሬታ ሥር ግን የካሳው ስሌት ላይ ይመስለኛል። በጊዜው ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬት ላይ ለሠፈረ ንብረት ካሳ፣ መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ ደግሞ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። ቤት ይለካል፣ ማሳ ይለካል። ከብት ከገበሬው ጋር የሚሄድ ንብረት ነውና ካሳ አያስፈልገውም። ግን ወዴት ይሄዳል? ላሟን ላም ያደረጋት የወል ሜዳው ነው፤ ለወል ሜዳ ደግሞ አዋጁ የተለየ ቀመር አልነበረውም። ከተማ ቦታ የተመራ ሰው ግቢው ውስጥ አንድ ላም ቢያስር ድርቆሽና ፉርሽካ በብር መግዛት አለበት። በነፃ ሜዳ ያደገች የአበሻ ላም የምትሰጠው ወተት የፉርሽካውን ዋጋ አይመልስም፤ ስለዚህ ትሸጣለች። ሕግ አውጪው የወል መሬት ለሚነሣበት ማኅበረሰብ ካሳ በግልጽ ያሰበው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ያን ጊዜ ግጭ ከፈረሰች ሦስት ዓመት አልፎ ነበር።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ አካባቢ ጓሳው ተቃጠለ። እሳቱን ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ወጣ፤ ከእስራኤልም ባለሙያዎች መጡ። ከብት ያልጋጠው ሣር ቁመት ጨምሮ ነበርና እሳቱን አባብሶት ይሆን? ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሜዳውን የሚያውቁት የቀድሞዎቹ እረኞች ደግሞ ቅርብ ናቸው።

የኔ ቁጭት ግን ሌላ ነው። ጎንደርና አካባቢዋ ሁለት የዓለም ቅርስ አላቸው፤ በ1972 ዓ.ም. የተመዘገበው ፋሲል ግቢና ስሜን። አንዱ የንጉሥ ቤት ነው፣ አንዱ የዋልያ። ግንቡን ያስገነባው ንጉሥ ግብር የሚበላው ከገበሬው ጎተራና ከበረቱ ቅቤ ነበር፤ የገበሬው ቤት ግን ከሁለቱም መዝገብ የለም። ሣር ክዳን ነውና አሥር ክረምት ካልታደሰ ይበሰብሳል፤ የኛ የቅርስ ዓይን ደግሞ የለመደው ድንጋይና ኖራ ነው።

ግጭ ትመለስ አልልም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የክልሉ የባህልና ቱሪዝም ሰዎች ግን አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፤ ሜትርና መቅረፀ ድምፅ ይዘው ደባርቅ ይሂዱ። ቆጡ ከጋጣው ስንት ክንድ እንደሚርቅ፣ ጥጃው በየት በኩል እንደሚታሰር፣ ጓሳው በየትኛው ወር እንደሚታጨድ ሽማግሌዎቹንና እናቶችን ይጠይቁ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች በሕይወት አሉ።